ነፃ ሲባል በነፃ ማለት ነው?

በቋንቋችን «ነፃ» የምትለዋ ቃል ሁለት ሥራ ትሠራለች። «ነፃ ሕክምና» ስንል ገንዘብ የማይከፈልበት ማለታችን ነው። «ነፃ ሰው» ስንል ደግሞ በማንም ያልተገዛ፣ የራሱ ጌታ የሆነ ማለታችን ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የምንሰማው ሦስተኛ አለ፤ «ነፃ ፕሬስ»። «ነፃ ፕሬስ» ሲባል ጋዜጣ እንደ ጠበል በነፃ ይታደላል ብሎ የተረዳ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ጋዜጣው በብር ይሸጣል፣ ማስታወቂያ ይሰበስባል፣ አዟሪውም የድርሻውን ይወስዳል። ነፃነቱን የምንፈልገው ከዋጋው ውስጥ አይደለም።

«ነፃ ሶፍትዌር» ሲባል ግን ብዙዎቻችን ሳናስብ «አይከፈልበትም ማለት ነዋ!» እንላለን። ጭቅጭቁ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የማይከፈልበት ነገር እንዴት ንግድ ይሆናል? ነገዴስ እንዴት አብሮት ይኖራል?

ባለፈው ሴሚስተር ለራዲዮ ዝግጅት ኮርስ ቡድናችን የሃያ ደቂቃ የክርክር ፕሮግራም እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ርዕሳችን «የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ንግድን ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል?» የሚል ነበር። ርዕሱን ከሩቅ አላመጣነውም። በላቦራቶሪ ድምፅ የምንቆርጥበትና የምንቀጥልበት ኦዳሲቲ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደማይከፈልበት ግን ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። ሁለት ተከራካሪዎች ጋበዝን። አንደኛው ለሱቆችና ለመድኃኒት ቤቶች የሂሳብና የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ባለቤት ናቸው። ሁለተኛው ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የዶርሜ ልጅ ነው። እኔ አወያይ ነበርኩ። አወያይ ደግሞ የራሱን ሐሳብ ዋጥ ማድረግ አለበት፤ መምህራችንም በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ስለዚህ ያን ቀን ሳልናገር የቀረሁትን ነው አሁን የምጽፈው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ የእኛን የተጠቀምኩበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

ፈቃዱ ምን ይላል?

አንድ ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። ፕሮግራመሩ የሚጽፈውና ሰው አንብቦ ሊረዳው የሚችለው «ሶርስ ኮድ» ይባላል። እኛ ኮምፒውተራችን ላይ የምንጭነው ደግሞ ይኸው ጽሑፍ ወደ ማሽን ቋንቋ ተቀይሮ ነው። ልዩነቱ የተዘጋጀ በርበሬ በኪሎ ገዝቶ በመሄድና የቅመሙን ዓይነትና መጠን ከባለሙያዋ በመማር መካከል ያለው ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ወጥ ይሠራልሃል። ሁለተኛው ግን ሲበዛብህ እንድትቀንስ፣ ሲያንስህ እንድትጨምር፣ ብትፈልግም የራስህን በርበሬ አዘጋጅተህ እንድትሸጥ ያስችልሃል።

የክርክሩ ሥር ረጅም ነው። በ1976 መጀመሪያ ላይ በዚያን ጊዜ ገና የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ቢል ጌትስ ለኮምፒውተር አፍቃሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። «አልቴር» ለምትባለው ኮምፒውተር እሱና ጓደኞቹ የሠሩትን ፕሮግራም አብዛኛው ሰው ሳይከፍል እየገለበጠ እንደሚጠቀምበት፣ ይህም ስርቆት እንደሆነ፣ ካልተከፈለው ደግሞ ጥሩ ፕሮግራም ለመሥራት የሚደክም ባለሙያ እንደማይገኝ ነበር የተናገረው። ዛሬ የሶፍትዌር ነጋዴዎች የሚያሰሙት አቤቱታ ሁሉ በዚያች ደብዳቤ ውስጥ አለ።

ሌላኛው ወገን የተነሳው ከአንድ ፕሪንተር ነው። በ1980 አካባቢ በአሜሪካው ኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ወረቀት እየነከሰ የሚያስቸግር የዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር ነበረበት። በፊት የነበረውን ፕሪንተር ፕሮግራሙን አሻሽሎ፣ ወረቀት ሲነክስ ለሚጠብቁት ሰዎች በየኮምፒውተራቸው መልእክት እንዲሄድ አድርጎ ነበር። ለአዲሱ ግን ሶርስ ኮዱ አልተሰጣቸውም። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ ኮዱ ያለውን ሰው ቢጠይቅ «ለማንም ላልሰጥ ቃል ገብቻለሁ» የሚል መልስ አገኘ። ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት አወጀ፤ በ1985 ነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን አቋቋመ፤ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የሚባለውን ፈቃድ አወጣ። የሚገርመው ነገር፣ ዛሬ በላቦራቶሪያችን የምንጠቀምበት ኦዳሲቲ የተወለደው በዚያው በካርኔጊ ሜለን ነው፤ በ2000 ለሕዝብ የተለቀቀውም በዚያው በጂፒኤል ፈቃድ ነው።

ጂፒኤል ለተጠቃሚው አራት ነፃነቶች ይሰጣል፤ ፕሮግራሙን ለፈለገው ዓላማ መጠቀም፣ ከፍቶ ማጥናትና መለወጥ፣ ገልብጦ ለሌላ ማካፈል፣ የለወጠውንም ማካፈል። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ግዴታ አለ። ለሌላ ሰው ስትሰጥ፣ የጨመርክበትንም ቢሆን፣ በዚያው ፈቃድ ከነሶርስ ኮዱ መስጠት አለብህ። «አትሽጥ» የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለውም። ስቶልማን ራሱ በ1985 ኢማክስ የተባለውን ፕሮግራሙን በቴፕ እየቀዳ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር።

እኔ ይህን ነገር የገባኝ በማኅበር ነው። የጽዋ ማኅበር የገባ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከየሰው ቤት ይበላል፣ ይጠጣል። ተራው ሲደርስ ግን በሩን መዝጋት አይችልም። ለራሱ ቤተሰብ የሠራውን ምሳ ማንም «ለምን አልጠራኸንም?» አይለውም፤ በማኅበሩ ስም ከደገሰ ግን ለሁሉም ነው። ጂፒኤልም እንዲሁ፣ በቤትህ ውስጥ ብቻ ብትጠቀምበት የሚጠይቅህ የለም፤ ወደ ውጭ ስታወጣው ነው ግዴታው የሚመጣው። ቢኤስዲና ኤምአይቲ የሚባሉት ፈቃዶች ደግሞ እንደ መንገድ ዳር ምንጭ ናቸው። ማንም ቀድቶ ይጠጣል፤ የፈለገ ደግሞ በጠርሙስ አሽጎ ይሸጠዋል። «ከዚህ ምንጭ የተቀዳ» ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃዋል።

«እኔ ምን ሸጥኩ?»

በክርክሩ ዕለት የድርጅቱ ባለቤት የጀመሩት ዙሪያ ጥምጥም ሳይሉ ነበር። «ልጄ፣ እኔ ሰባት ሠራተኞች አሉኝ። ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። አንዱን ፕሮግራም ለአንድ መድኃኒት ቤት ብሸጥ፣ እሱ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ለመርካቶ በሙሉ ቢያድለው፣ ፈቃዱም ይህን ይፈቅድለታል ካላችሁኝ፣ እኔ ምን ሸጥኩ?»

የዶርሜ ልጅ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ አሁንስ እየተገለበጠብዎ አይደለም እንዴ?» ሲላቸው ስቱዲዮው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ጥያቄያቸው ግን የሚሳቅበት አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ቅጂ በመሸጥ ብቻ ለሚኖር ድርጅት ጂፒኤል አይሆነውም። የመጀመሪያው ገዢ በሕጋዊ መንገድ ተፎካካሪህ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚክድ የነፃ ሶፍትዌር ደጋፊ ካለ ራሱን እያታለለ ነው።

ሁለተኛው ክሳቸው ፈቃዱ «ተላላፊ ነው» የሚል ነበር። ይህም የእሳቸው ብቻ አይደለም። በ2001 የማይክሮሶፍቱ ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ ባልመር በጂፒኤል የሚሰራጨውን ሊነክስ የነካውን ሁሉ ከሚይዝ ካንሰር ጋር አመሳስሎት ነበር። እዚህ ላይ ግን ነገሩን መለየት ያስፈልጋል። በኦዳሲቲ የቆረጥከው ዜና የአንተ ነው፤ ፈቃዱ ዜናህን አይነካውም። ግዴታው የሚመጣው የሌላውን የጂፒኤል ኮድ ወስደህ ከራስህ ፕሮግራም ጋር አዋህደህ ስታከፋፍል ነው። ያን ጊዜም ቢሆን የሚሆነው የማኅበሩን ዳቦ በልቶ ጽዋውን አልቀበልም ላለ ሰው የሚሆነው ነው። ካልፈለግህ የራስህን ኮድ ከመጀመሪያው መጻፍ ትችላለህ፤ ያስገደደህ የለም።

የሊንክሲስ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሲስኮ ኩባንያ በ2003 ሊንክሲስን በ500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ሊንክሲስ በየቤቱ የሚገባ ገመድ አልባ የኢንተርኔት ማከፋፈያ ይሸጥ ነበር። ነገር ፈላጊዎች ዕቃውን ከፍተው ቢያዩ ውስጡ ሊንክስ አለ፤ ሶርስ ኮዱ ግን የለም። ጩኸቱ በረታና ኩባንያው በዚያው ዓመት ኮዱን ለመልቀቅ ተገደደ። የተለቀቀውን ኮድ ይዘው ሌሎች ኦፕንደብልዩአርቲ የሚባለውን ፕሮጀክት ጀመሩ። ሰው ዕቃውን እንደልቡ ማሻሻል ስለቻለ ፈላጊው በዛ፤ በ2005 ኩባንያው ራሱ ለእነዚህ ሰዎች ብሎ በሊንክስ የሚሠራ ሞዴል አውጥቶ መሸጥ ጀመረ። «በፈቃዱ ተያዝኩ» ያለ ነጋዴ በፈቃዱ ምክንያት አዲስ ገበያ አገኘ ማለት ነው። ሁሌም እንዲህ ያልቃል አልልም፤ ግን «ጎዳኝ» ከማለት በፊት ቆም ብሎ ማየት ደግ ነው።

ሽያጭ የከፈተው ፈቃድ

የዶርሜ ልጅ ባቀረበው ማስረጃ ውስጥ እኔን ያስገረመኝ የሊንክስ የራሱ ታሪክ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊንክስን በ1991 ሲለቅ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ማለትም የእኛ እኩያ። የመጀመሪያው ፈቃዱ ጂፒኤል አልነበረም። ኮዱን ለሁሉም ክፍት ያደርጋል፤ ገንዘብ ማስከፈልን ግን ጨርሶ ይከለክላል፤ የዲስኩንና የማባዣውን እንኳ። በ1992 ወደ ጂፒኤል ሲለውጠው ነው ሰዎች በዲስክ እያባዙ፣ መመሪያ እየጻፉ፣ አገልግሎት እየጨመሩ መሸጥ የቻሉት። ንግድን የከለከለው የወጣቱ የዋህ ፈቃድ ነበር፤ ንግድን የፈቀደው ጂፒኤል ነው። «ፀረ ንግድ» የሚለው ስም ከዚህ ታሪክ ጋር እንዴት እንደሚስማማ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የታወቀ ነው። በ1993 የተመሠረተው ሬድ ሃት ሊንክስን አዘጋጅቶ፣ ችግር ሲፈጠር ሌሊትም ቢሆን ስልክ የሚያነሳ ባለሙያ አስቀምጦ፣ ለባንክና ለአየር መንገድ ሸጠ። በ2012 በጀት ዓመት ገቢው ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ማይኤስኪውኤል የሚባለው የመረጃ ቋት ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበረው፤ ሁለት ፈቃድ። ሥራህን ለሁሉም የምትከፍት ከሆነ በጂፒኤል ውሰደው፤ መዝጋት የምትፈልግ ከሆነ ግን ክፈለኝ ይላል። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2008 በ1 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሰን ራሱ በ2010 በኦራክል ሲጠቀለል ያላመኑ ሠራተኞች ኮዱን ይዘው ማሪያዲቢ የሚባለውን ቀድመው ጀምረው ነበር። ባለቤቱ ቢቀየር እንኳ ኮዱን ማንም ይዞት አይጠፋም።

ካንሰር ብሎት የነበረው ማይክሮሶፍትስ? በ2018 የነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎች መሰብሰቢያ የሆነውን ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ሊንክስን ከነከርነሉ በዊንዶውስ ውስጥ እንዲሠራ አደረገው። ጊዜ ደጉ!

ድግሱን ማን በላው?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የዶርሜን ልጅ የሚያስደስት ነው። አሁን ደግሞ ለድርጅቱ ባለቤት ላድላ።

ጂፒኤል ሲጻፍ ሶፍትዌር ማለት በዲስክ ተቀድቶ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነገር ነበር። ዛሬ ብዙው ሶፍትዌር አይሄድም። በአማዞን ወይም በሌላ ግዙፍ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ፣ እኛ ከሩቅ እንጠቀምበታለን። ክላውድ የሚሉት ይህንን ነው። ወደ ማኅበሬ ልመለስና፣ አንድ ባለጸጋ የማኅበሩን ሙያ ተምሮ ምግብ ቤት ከፈተ እንበል። ሙያውን ለማንም አልሰጠም፤ ወጡን ብቻ በሳህን ይሸጣል። የማኅበሩን ደንብ አፈረሰ? አላፈረሰም፤ ደንቡ ስለ ምግብ ቤት አያወራማ! ይህችን ቀዳዳ ለመድፈን በ2007 ኤጂፒኤል የሚባል ፈቃድ ወጣ፤ በኔትወርክ የሚያገለግልም ሰው ኮዱን ለተጠቃሚዎቹ እንዲከፍት የሚያዝ።

አንዳንድ ድርጅቶች ግን ይህም አልበቃቸውም። ሞንጎዲቢ በ2018 ከኤጂፒኤል ወጥቶ ክላውድ ሻጮች ሥርዓታቸውን በሙሉ እንዲከፍቱ የሚጠይቅ አዲስ ፈቃድ አወጣ። ኢላስቲክ በ2021 ተከተለ። አማዞን ወዲያው የድሮውን ኮድ ይዞ ኦፕንሰርች የሚል ተፎካካሪ አቋቋመ። ሬዲስም በ2024 ፈቃዱን ቀየረ፤ በሳምንታት ውስጥ ቫልኪ የሚባል ተገንጣይ ተወለደ። የሚገርመው መጨረሻው ነው፤ ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስ በ2025 ኤጂፒኤልን ከአማራጮቻቸው ውስጥ አስገቡ። በሩን ከዘጉት አንዳንዶቹ ጎረቤታቸውን አጥተው ተመለሱ ማለት ይቻላል።

ሌላም አለ። በ2014 ኦፕን ኤስኤስኤል በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለ ቀዳዳ ተገኘ። ይህ ፕሮግራም በኢንተርኔት የምንልከውን የይለፍ ቃልና የባንክ መረጃ ከሚሰልል ዓይን የሚሸፍን ነው፤ ብዙ የዓለም ትላልቅ ኩባንያዎች ይጠቀሙበት ነበር። ሠሪዎቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በዓመት የሚያገኙት ልገሳም 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ቢሊዮን የሚያገላብጥ ኩባንያ የበሩን ቁልፍ የሚሠራለትን ሰው ሻይ እንኳ አልጋበዘውም። አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው ተሰባስበው ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት።

ስለዚህ «ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል?» የሚለው የክርክራችን ርዕስ ለእኔ ከጊዜ በኋላ ጠበበኝ። ፈቃዱ ንግድን አልገደለም፤ ቢሊዮኖቹ ምስክር ናቸው። ጥያቄው ትርፉ ማን ኪስ ይገባል የሚለው ነው። ፈቃዱ «ኮዱን አትዝጋ» ሊል ይችላል፤ «ሠሪውን አብላው» ብሎ ግን አያውቅም። ይህ ችግር ለእኛ ሙያ ባዕድ አይደለም። አንድ ጋዜጠኛ ሦስት ቀን ተንከራቶ ያመጣውን ዜና ሌላው በሦስት ደቂቃ ገልብጦ፣ ምንጭ እንኳ ሳይጠቅስ፣ ማስታወቂያ ይሰበስብበታል። ዜናው ነፃ ነው፤ ዘጋቢው ግን ምሳ አልበላም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ

በእኛ አገር ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኮምፒውተር ጠጋኝ ቤት ጎራ ብትሉ ልጁ ዊንዶውሱንም ኦፊሱንም ፎቶሾፑንም በአንድ ፍላሽ ጭኖላችሁ የሚያስከፍለው የድካሙን ነው። ብዙዎች ይህንን ከነፃ ሶፍትዌር ጋር ያምታቱታል። «ያው ሁለቱም በነፃ ነው» ይላሉ። እንዴት አንድ ይሆናል! ጂፒኤል የቆመው በኮፒራይት ሕግ ላይ ነው። ባለቤቱ በሕግ መብት ስላለው ነው «በዚህ ግዴታ ውሰዱት» ማለት የቻለው። በእኛም አገር በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። ኮፒራይትን የሚንቅ ሰው የጌትስን ብቻ ሳይሆን የስቶልማንንም ፈቃድ ነው የሚንቀው።

በእኔ እምነት ክራክ ከሁሉም በላይ የጎዳው ነፃ ሶፍትዌሩንና የአገሬውን ፕሮግራመር ነው። ሺህ ዶላር የሚያወጣው ፕሮግራም በፍላሽ በሻይ ዋጋ ከተገኘ፣ ነፃውን ተምሮ ለመጠቀም ማን ይደክማል? የአገር ልጅ የሠራውንስ በብር ማን ይገዛል? የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ የለ? እንግዳችን የድርጅት ባለቤት ጠላታቸው ጂፒኤል መስሏቸው ነበር የመጡት። በውይይቱ መሐል ግን ራሳቸው «እኔን የሚያኖረኝ ሽያጩ አይደለም፤ ደንበኛ ደውሎ ሪፖርቱ አልወጣም ሲል ሄጄ የማስተካክልበት የዓመት ክፍያ ነው» አሉ። ይኼኮ ሬድ ሃት ያደረገው ነው! ልዩነቱ የቁጥሩ ዜሮዎች ብዛት ነው።

ሌላው የአገራችን ምስክር ፊደላችን ነው። በ1999 የዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ደረጃ የኢትዮጵያን ፊደል ከማካተቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደላቱን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ብራናና ሌሎቹም ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ ጽሑፋችን ወደ ኮምፒውተር የገባው በእነሱ ድካም ነው፤ ነጋዴ ስለሆኑም አልነቅፋቸውም። ግን አንድ የቢሮ ማኅደር በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተቆልፎ ሲቀር ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ክፍት ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያሻውም። ዛሬ አቢሲኒካና የጉግሉ ኖቶ የመሳሰሉ ፎንቶች በነፃ ፈቃድ ይገኛሉ። ፈቃዳቸውም ደስ ይላል፤ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ይከለክላል፣ ከፕሮግራምህ ጋር አብረህ መሸጥን ግን ይፈቅዳል። የጋራው የጋራ ሆኖ ይቀራል፤ ነጋዴውም ይነግዳል።

የዶርሜ ልጅ ምን ያድርግ?

ክርክሩ ለዶርሜ ልጅ የወሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ የአማርኛ ፊደል ግድፈት አራሚ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው የጀመረው። ሥራው የዋዛ አይደለም፤ አንድ የአማርኛ ግሥ ከፊትና ከኋላ እየተቀጠለበት ለቁጥር የሚያታክት ቅርጽ ያወጣል፤ ቃላት ዘርዝሮ መጨረስ አይቻልም። በዚያ ላይ «ነፃ» እና «ነጻ»፣ «ሥራ» እና «ስራ» አለ። የቱ ነው ስህተቱ? ሌሊት ሌሊት መብራቱን አጥፋ እያልኩት የሚጨቃጨቀኝ ከእነዚህ ጋር ሲታገል ነው።

አሁን መወሰን አለበት። ዘግቶ ቢሸጠው በሳምንቱ ክራኩ ይወጣል። በኤምአይቲ ፈቃድ ቢለቀው አንድ ትልቅ ኩባንያ ወስዶ፣ አሻሽሎ፣ ዘግቶ ሊሸጥልን ይችላል፤ ያሻሻለውን ግን እኛ አናየውም። ቤተሰቡ ከገጠር ልከው ያስተማሩት ልጅ ነው፤ ታናናሾቹ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። «ለእውቀት ብለህ ስጠው» ብሎ መምከር ለእኔ ቀላል ነው፤ የቤት ኪራዩን አልከፍልለትም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በጂፒኤል ይልቀቀው። የእኛ ዲፓርትመንት ተማሪ፣ የጋዜጣ አራሚው፣ መምህሩ ይጠቀሙበት፤ የቋንቋ ተማሪዎች የጎደለውን ይጨምሩበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? አማርኛን ለብቻው ተሸክሞ የሚጨርሰው ሰው የለም። ዘግቶ በምርቱ ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ ኩባንያ ቢመጣ ደግሞ እንደ ማይኤስኪውኤል ሁለተኛውን ፈቃድ በገንዘብ ይሽጥለት። ለዚህ ግን ከወዲሁ ማሰብ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ሌሎች የሚጨምሩትን ኮድ በሁለቱም ፈቃድ ለመስጠት እንዲችል ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ይያዝ፤ አለዚያ የሰውን ሥራ ሸጠ ይባላል። የጋዜጣ ቤት አራሚውን በራሱ የቃላት አጠቃቀም እንዲያስተካክሉለት ቢፈልግም ያስከፍል፤ ያ ላቡ ነው።

ይህ ሁሉ ሀብታም ያደርገዋል ብዬ አልዋሽም። ፈቃድ ደመወዝ አይደለም። የሚጠቀም ተቋም ሁሉ የሚጠቀምበትን የሠራውን ሰው መጠየቅና መክፈል ካልለመደ፣ የትኛውም ፈቃድ ብቻውን ልጁን አያበላውም። እኛም ብንሆን ነገ ሬዲዮ ጣቢያና ጋዜጣ ቤት ስንገባ የምንጠቀምበት ፕሮግራም ከየት እንደመጣ መጠየቅ፣ ከተቻለም በጀት ውስጥ አንዲት መስመር ማስገባት ያለብን ይመስለኛል። ነፃ ፕሬስ በነፃ እንደማይታተም ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ነፃ ሶፍትዌርም በነፃ አይሠራም፤ የሆነ ሰው ሌሊቱን አልተኛም።